ጭምብል አድርገው ነበር

አባቴን ለማሳከም ከአገር ቤት አዲስ አበባ ያመጣነው ጊዜ ማታ ማታ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ቀን ሥራ፣ ማታ ከአልጋው አጠገብ ካርቶን አንጥፎ ቁጭ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። በአራተኛው ሌሊት ይመስለኛል፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው በስሜ ጠራኝ። "አቤት" ብዬ ወጣሁ። ማንም የለም። ተመልሼ ከመቀመጤ ደግሞ ጠራኝ። ከሞተች ስድስት ዓመት የሆናት የአክስቴ ድምፅ ነው። ጠዋት ለነርሷ ስነግራት ሳቀች። "ሂጂና ተኚ፣ ሁለተኛ በሽተኛ እንዳትሆኚብን" አለችኝ።

ሊሊያስ ኤዲን ያገኘኋት በእነዚያ ሌሊቶች ነው። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ስልኬን ስጎረጉር የአንዲት አሮጊት ፊት ብቅ አለ። የደግ ሰው ፊት ነው። ሰፈር ውስጥ ቡና ጠጡ ብላ የምትጠራ ዓይነት። ከሥሩ በ1704 ዓ.ም. በጥንቆላ ተከሳ እስር ቤት የሞተች የስኮትላንድ ሴት መሆኗ ተጽፏል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፊቷን የሠራው ደንዲ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ2017፣ ከራስ ቅሏ ፎቶግራፍ ተነስቶ። የራስ ቅሏ ራሱ ግን የለም። ጠፍቷል። እንዴት ይጠፋል? እንቅልፌ ጥሎኝ ሄደ።

እስኪ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቶሪበርን ፋይፍ በሚባለው አውራጃ ያለች ትንሽ መንደር ናት። የፎርዝ ወንዝ ወደ ባሕር እየሰፋ በሚሄድበት ዳርቻ ላይ ትገኛለች። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሲጎድል ጭቃው ሜዳ ይሆናል። በ1704 በጋ ላይ ጂን ቢዜት የምትባል የመንደሩ ሴት ሰይጣን አስቸገረኝ አለች። የሊሊያስን ስም እየጠራች ጮኸች። በወቅቱ ጠጥታ እንደነበር የሚናገር ነገርም መዝገቡ ውስጥ አለ። እንዲያም ሆኖ ጉዳዩ ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጉባኤ ሄደ፤ ያኔ በስኮትላንድ የሰካራሙንም፣ የአመንዝራውንም፣ ሰንበት የሻረውንም ጉዳይ የሚያየው ይኸው ጉባኤ ነበር። ቄሱ አለን ሎጋን ይባላል። ጠንቋይን በዓይኑ ለይቶ ያውቃል የሚል ስም ነበረው። ቅዱስ ቁርባን ላይ ቆሞ ምእመኑን እያየ "አንቺ ጠንቋይ፣ ከጌታ ማዕድ ተነሺ" ሲል አንዷ ደንግጣ ተነስታ ትወጣ ነበር ይባላል። እንኳን ያኔ፣ ዛሬም ሰው ፊት እንዲህ ተብሎ ማን የማይደነግጥ አለ?

ሊሊያስ ታሰረች። ያኔ ስድሳዎቹ ውስጥ ሳትሆን አትቀርም፤ አቅሟም ዓይኗም ደክሟል። በጁላይ መጨረሻ ተናዘዘች። ሰይጣንን ያገኘሁት በመኸር ወቅት ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አለች። ኮፍያ አድርጓል። ገላው ይቀዘቅዛል። እግሩ እንደ ጥጃ ሰኮና የተሰነጠቀ ነው። አንድ እጄን አናቴ ላይ፣ ሌላውን የእግሬ መርገጫ ሥር አድርጌ በመሃል ያለው ሁሉ ያንተ ነው አልኩት፤ ጥምቀቴንም ካድኩ፤ አብሬውም ተኛሁ።

ይህን ሲያነቡ "ታዲያ ራሷ አመነች እኮ" የሚሉ አሉ። እኔም ለአንድ ደቂቃ ብዬዋለሁ። ግን ያ አናትና እግር የመያዝ ነገር የሷ ፈጠራ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር፣ በማይተዋወቁ ሴቶች ኑዛዜ ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። ጠያቂዎቹ መልሱን አስቀድመው ያውቁታል። የሚፈልጉት ከአፏ እንዲወጣ ብቻ ነው።

ከአፍ ለማውጣት ደግሞ ዋናው መሣሪያ ብረት አልነበረም። እንቅልፍ መንሳት ነው። "ጥበቃ" ይሉት ነበር። ተረኛ ሰዎች ተከሳሿን ከበው ይቀመጣሉ፤ ዓይኗ ሲከደን ይቀሰቅሷታል፣ ያስነሷታል፣ ያራምዷታል። ሌሊቱን፣ ቀኑን፣ ደግሞ ሌሊቱን። ይህን ማሠቃየት ነው ብሎ የሚቆጥር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ያልተባለ ይሰማል። እኔ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ በአራተኛው ሌሊት የሞተች አክስቴን ሰምቻለሁ። ያኔ አንድ ቄስ ወንበር ስቦ ተቀምጦ "ድምፁ የማን ነበር? ምን አለሽ? ኮፍያ አድርጓል?" ቢለኝ ምን እመልስ እንደነበር እንጃ።

ጥንቆላን በሞት የሚያስቀጣው የስኮትላንድ ሕግ የወጣው በ1563 ነው፤ የተሻረው በ1736። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የተከሰሱ 3,837 ሰዎች በስም ወይም በሌላ መረጃ ተለይተዋል፤ ቆጠራውን የሠሩት የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። 84 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። 2,500 ያህሉ ተገድለዋል ተብሎ ይገመታል፤ የአገሩ ሕዝብ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ገደማ በነበረበት ዘመን። አብዛኞቹ መጀመሪያ በገመድ ታነቁ፣ ቀጥሎ አስከሬናቸው ተቃጠለ።

ንጉሡም ራሱ እጁን አስገብቶበታል። ጄምስ 6ኛ ከዴንማርክ ያገባትን ሙሽራ ይዞ ሲመለስ ባሕሩ ተናወጠ። ማዕበሉን ያስነሱት ጠንቋዮች ናቸው ተባለ። አግነስ ሳምሰን የምትባል አዋላጅና መድኃኒት አዋቂ ተይዛ መጣች፤ ንጉሡ ራሱ ጠየቃት፤ በጃንዋሪ 1591 ተገደለች። እሱ በ1597 ስለ አጋንንትና ስለ ጠንቋዮች መጽሐፍ ጻፈ። በኋላ የእንግሊዝም ንጉሥ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስ አስተረጎመ። አዎ፣ "ኪንግ ጄምስ" የምንለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቸግረኛል። እስካሁን "ጠንቋይ" እያልኩ ጻፍኩ፤ መዝገበ ቃላቱም እንዲሁ ይላል። ግን በኛ አገር ጠንቋይ ማለት ሰው ፈልጎት የሚሄድ ነው። ቤቱ ይታወቃል። ደጁ ላይ ወረፋ አለ፤ ብር ይቀበላል፤ አንዳንዱ መኪና አለው። እንደ አግነስ ሳምሰን ያለች መድኃኒተኛ ምናልባት ወደዚያ ትጠጋ ይሆናል። ሊሊያስ ግን ሳትገደድ "እኔ ነኝ" ያላለች፣ ሌላው "አንቺ ነሽ" ያላት ሴት ናት። ለዚህ ያለን ቃል ሌላ ነው። ቡዳ።

ቃሉን ስጽፈው ራሱ እጄ ይከብዳል። ያደግኩት ጎጃም ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያ በሚቆምባት ትንሽ ከተማ ነው። ገበያው ጥግ ላይ ምጣድና ጀበና፣ ገንቦና ድስት የምትሸጥ ሴት ነበረች። እናቴ ከሷ ትገዛለች። ግን ወደሷ ስንጠጋ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣል ታደርገዋለች። እየበላሁ ከሆነ ደግሞ "ዋጪው" ትለኛለች፣ ቶሎ። ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ሁሉም በእጁ ሙያ የሚጠረጠርበት አገር ነው። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎችም ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ ሲኖሩ ይኸው ስም ተለጥፎባቸው ኖሯል። ማታ ጅብ ይሆናሉ ይባላል። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ሲያይ ልጁን የሚደብቅ ገበሬ!

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ የጎረቤታችን ልጅ ታመመች። ትጮሃለች፣ ትወራጫለች። ትልልቆቹ "በልቷታል" አሉ። አንድ አዋቂ መጣ፣ ጭስ አጨሰ፣ ልጅቷን በነጠላ ሸፍኖ አሸተታት። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። "ማን ነህ? ከየት መጣህ? የት ነው የያዝካት?" እኛ ልጆች በበር ሽንቁር እናያለን። ልጅቷ መጀመሪያ አልተናገረችም። ጭሱ ተጨመረ። ጥያቄው ተደገመ። ለፈለፈች። ስም ወጣ። የሸክላዋ ሴትዮ።

የጂን ቢዜትን ጩኸት ሳነብ የመጣብኝ ያ ጭስ ነው። ሽታው ሁሉ።

ፒተንዊም የምትባል ሌላ የፋይፍ ከተማ አለች። ሊሊያስ በታሰረችበት በዚያው ዓመት፣ እዚያ ደግሞ ከሳሹ ፓትሪክ ሞርተን የሚባል የ16 ዓመት የብረት ቀጥቃጭ ተለማማጅ ነው። ቢያትሪክስ ሌይንግ የምትባል ሴት ምስማር ሥራልኝ ስትለው ሥራ በዝቶብኛል አላት፤ እያጉረመረመች ሄደች፤ እሱ ታመመ። በቃ። ከዚህ ከምስማር ጭቅጭቅ ተነስቶ ብዙ ሰው ታሰረ። አንደኛው እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። ጃኔት ኮርንፉት የምትባለውን ደግሞ በጃንዋሪ 1705 ሕዝቡ ራሱ ያዛት። ደበደቧት፣ በር አምጥተው ላይዋ ላይ ጣሉ፣ በሩ ላይ ድንጋይ ከመሩ። መሞቷን ለማረጋገጥ ፈረስና ሸርተቴ ነዱባት። ፍርድ ቤት አልፈረደባትም። ለግድያዋም ማንም አልተቀጣም።

እኛ ጋ ቀጥቃጩ ይከሰሳል፤ እነሱ ጋ ቀጥቃጩ ከሰሰ። ሙያው አይደለም ነገሩ ማለት ነው።

ወደ ቶሪበርን ልመለስ። ሊሊያስን መናዘዟ አላስፈታትም። የሚፈለገው ኑዛዜ ብቻ አልነበረምና። ሰይጣን ስብሰባ ይጠራል፤ ስብሰባ ካለ ተሰብሳቢ አለ፤ ተሰብሳቢ ካለ ስም አለ። አንዷ ሁለት ትጠራለች፣ ሁለቱ አምስት። በ1597 ወይም በ1661 እና 62 በየመንደሩ እሳቱ የተዛመተው እንዲሁ በስም ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ። ስለዚህ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ደጋግመው ጠየቋት። ማንን አየሽ? ማን ማን ነበር?

ሊሊያስ አስቀድሞ በሰው አፍ የነበሩ፣ የታወቁ ስሞችን ሰጠች። ሌሎቹንስ? ሲሏት አላወቅኳቸውም አለች። እንደ ወይዛዝርት ጭምብል አድርገው ነበር።

ይህችን መልስ ሳገኝ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ተመልከቱ እንግዲህ። በዚያ ዘመን የሀብታም ሴቶች ፀሐይና ንፋስ ፊታቸውን እንዳያጠቁረው መንገድ ሲወጡ ጭምብል ያደርጉ ነበር። ሊሊያስ "አልናገርም" አላለችም፤ እንዲያ ብትል ጥበቃው ይጠብቅባታል። "ማንም አልነበረም" አላለችም፤ ውሸታም ትባላለች። ነበሩ፣ ብዙ ነበሩ፣ ግን ፊታቸው አልታየኝም። በዚያ ላይ ወይዛዝርት ይመስሉ ነበር! ምስኪኗን የጎረቤቷን ሴት አልጠቆመችም፤ ጣቷን ወደ ላይ፣ ወደ ትልልቆቹ ቤቶች ቀሰረች፤ ማን ደፍሮ ይሂድ? የቅኔ አገር ሰው ይህን ሰምና ወርቅ ይለዋል። ምናልባት ከሚገባው በላይ እያነበብኩላት ይሆናል። ግን አንድ ደካማ አሮጊት፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ፍዳዋ እንደማይቀልላት እያወቀች፣ ይህን መልስ ይዛ መቆየቷን ሳስብ "ምስኪን" የሚለው ቃል አይበቃትም። ጮሌ ናት። ጎበዝ ናት።

በኦገስት መጨረሻ እስር ቤት ውስጥ ሞታ ተገኘች። ራሷን ሳታጠፋ አትቀርም ተብሎ ይታመናል። ለፍርድ አልቀረበችም።

ይኼኔ ሰዎቹ ተቸገሩ። ፍርድ ስለሌለ ማቃጠል አይቻልም። ሰይጣንን አገባሁ ያለችን ሴት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መቅበር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ሲሞላ ውኃው በሚሸፍነው፣ ሲጎድል በሚገለጠው ጭቃ ላይ ቀበሯት። መሬትም ያልሆነ፣ ባሕርም ያልሆነ ቦታ። የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገቧት፣ ከላዩ ግዙፍ የአሸዋ ድንጋይ ጠፍጣፋ ጫኑበት። ለክብር አይደለም። ተነስታ እንዳትመጣ ነው። ሰይጣን ራሱን ያጠፋን ሰው አስከሬን ያስነሳዋል የሚል ፍርሃት ነበር። በሕይወቷ አቅም ያልነበራት አሮጊት፣ ሞታ ድንጋይ ተጫነባት።

የሚገርመው በዚሁ ምክንያት ነው መቃብር ያላት። የተቃጠሉት አመድ ሆነዋል። በስኮትላንድ በጥንቆላ ከተከሰሱት ሴቶች ውስጥ መቃብሯ የሚታወቀው የሷ ብቻ ነው።

ታዲያ አላስተኟትም። በ1852 የፍርሃቱ ዘመን አልፎ የጉጉት ዘመን መጥቷል። ከደንፈርምሊን ከተማ ጆሴፍ ኒል ፓተን የሚባል ቅርስ ሰብሳቢ ነበር፤ የሠዓሊው ጆሴፍ ኖኤል ፓተን አባት። መቃብሩ ተከፍቶ አጥንቷ ወጣና የራስ ቅሏ እሱ እጅ ገባ። በዚያ ዘመን የራስ ቅል ቅርጽ አይቶ የሰውን ጠባይ ማወቅ ይቻላል የሚል "ሳይንስ" ነበር። ከሳጥኗ እንጨት ተሠራ የተባለ ከዘራም ለአንድሩ ካርኔጊ ተሰጠ፤ ለዚያ ለብረት ከበርቴው፣ የደንፈርምሊን ልጅ ነውና። የራስ ቅሏ ወደ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሄደ። ፎቶ ተነሳ። በ1938 ግላስጎው በተደረገው ትልቁ የኢምፓየር ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ታየ። ከዚያ ጠፋ። እስከ ዛሬ።

እኔን ከቄሱ በላይ የሚያናድዱኝ እነዚህ ናቸው። ቄሱ ቢያንስ ፈርቷል። እነዚህ ጠንቋይ መሆኗን አያምኑም፤ አጥንቷን ግን እንደ ጌጥ ይቀባበላሉ።

በ2014 የፋይፍ አስተዳደር አርኪዮሎጂስትና አብረውት ያሉ ሰዎች ባሕሩ ጎድሎ ሳለ ያንን ድንጋይ አገኙት። የባሕር አረም ለብሶ፣ ጭቃ ውስጥ ተለጥፎ። ከሦስት ዓመት በኋላ ክሪስቶፈር ሪን የተባለው የደንዲ ባለሙያ በፎቶዎቹ ላይ ጡንቻና ቆዳ እየደረበ ፊቷን ሠራ። ታሪኳ ውስጥ ፊቷን ክፉ አድርጌ እንድስል የሚያስገድደኝ ነገር አላገኘሁም ብሏል። እኔ ሌሊት ያየሁት ያንን ነው። በ2019 ድንጋዩ ጋ አበባ ተቀመጠላት፣ የተሰረቀው አጥንቷም ይመለስ የሚል ጥሪ ወጣ። በማርች 8 ቀን 2022 ደግሞ የስኮትላንድ መሪ የነበረችው ኒኮላ ስተርጅን በሕጉ ለተከሰሱት ሁሉ በይፋ ይቅርታ ጠየቀች፤ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ቤተ ክርስቲያኒቱም ተከተለች። ከሊሊያስ ሞት 318 ዓመት በኋላ ነው። "ይቅርታ ለሞተ ምን ይጠቅማል?" ያለኝ ባልደረባ አለ። መልስ አልነበረኝም። ግን ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

አባቴ ድኖ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ ይመስገነው። ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። የዝናቡን፣ የአባቴን መድኃኒት፣ የአጎቴን ልጅ ሠርግ አወራን። ከዚያ ድንገት፣

"እማዬ፣ ያቺ ገበያ ጥግ ሸክላ ትሸጥ የነበረችው ሴትዮ ትዝ ትልሻለች?"

"የቷ?"

"ያቺ እንኳን፣ ጎረቤት ልጅ ታማ ስሟ የተጠራው።"

ዝም አለች። ሳህን ስታስቀምጥ ይሰማኛል።

"እሷማ ከዚያ በኋላ ገበያ አልወጣችም" አለችኝ። "አገሩን ለቃ ሄደች መሰለኝ። ምን አስታወሰሽ አንቺ ደግሞ?"

"ስሟ ማን ነበር?"

"ስሟን እንጃ ልጄ። ሸክላ ሠሪዋ ነው የምንላት።" ትንሽ ቆየችና "ምጣዷ ግን አሁንም አለ" አለች። "ትናንትም በሱ ነው የጋገርኩት።"